ምዕራፍ ሰባት፦ ሣሩ ስንት ሴንቲሜትር ይደግ?

በአብዛኞቹ የአሜሪካና የካናዳ ከተሞች ቤት ያለው ሰው በገዛ ግቢው የሚያበቅለው ሣር እስከ ምን ቁመት ሊደርስ እንደሚችል በደንብ ተወስኖበታል። ወሰኑ ከከተማ ከተማ ቢለያይም ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ኢንች፣ ማለትም ከ15 እስከ 30 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ሣሩ ከዚያ ካለፈ ተቆጣጣሪ መጥቶ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ ባለቤቱ በተቆረጠለት ቀን ካላጨደም ከተማው ራሱ አሳጭዶ ወጪውን ከነቅጣቱ ይጠይቀዋል። ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት ግን በርካታ ከተሞች ይህንን ደንብ እየከለሱ፣ ነዋሪዎች በታጨደ ሣር ፈንታ አገር በቀል አበቦችን፣ ረጃጅም ሣሮችንና ቁጥቋጦዎችን የሚያሳድጉበትን የተፈጥሮ አትክልት ስፍራ መፍቀድ ጀምረዋል።

ለውጡ ከላይ ሲታይ የአበባ ጉዳይ ይመስላል፤ የዚህ ምዕራፍ ትኩረት ግን ደንቡ ነው። አንድ ሕግ ሊለካው የማይችለውን ነገር ለመቆጣጠር ሲፈልግ በምትኩ ምን እንደሚለካ፣ የለካውና የፈለገው ነገር ሲለያዩ ደግሞ ምን እንደሚደረግ ለመረዳት ከሣር ደንብ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል። (በምዕራፉ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማስመሪያውና ጎፈሬው

በአራተኛው ምዕራፍ ስለ ሕንጻ ከፍታ ሲወሳ እንደተብራራው፣ የከተማ ደንብ የሚሠራው በሜትር፣ በሰዓትና በቁጥር ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ተቆጣጣሪዎች አንዱን ግቢ በተለያየ ቀን ጎብኝተው አንድ ዓይነት ውሳኔ ላይ መድረስ ካልቻሉ አንዱ ነዋሪ ሲቀጣ ሌላው ይታለፋል፣ አድልዎና ጉቦም መግቢያ በር ያገኛሉ። የሣር ደንብ ያወጡ ምክር ቤቶች በእርግጥ የፈለጉት ሰው የሌለበት ቤት ግቢ የቆሻሻ መጣያና የአይጥ መኖሪያ እንዳይሆን፣ የአንዱ ቸልተኝነትም የጎረቤቱን ቤት ዋጋ እንዳይጎዳ ነው። ባጭሩ የፈለጉት እንክብካቤን ነው። እንክብካቤ ግን በማስመሪያ ስለማይለካና ቁመት ስለሚለካ፣ ቁመት እንክብካቤን ወክሎ ደንቡ ውስጥ ገባ። እንዲህ በሚፈለገው ነገር ቦታ ተተክቶ የሚለካ ነገር በዚህ መጽሐፍ ወካይ መለኪያ ይባላል።

ጉዳዩን በጎፈሬ ማየት ይቻላል። ተማሪዎቹ ንጹሕና ሥርዓት ያላቸው እንዲሆኑ የሚፈልግ ትምህርት ቤት ለበር ዘበኛው ማስመሪያ ሰጥቶ፣ ፀጉሩ ከአምስት ሴንቲሜትር የበለጠውን ተማሪ ሁሉ እንዲመልስ ቢያዘው፣ ዘበኛው ያለ ብዙ ክርክር ሥራውን ይሠራል። ለወራት ውኃ ያልነካው፣ ጨብራራ ፀጉር ያለው ልጅ ከበር ይመለሳል፤ እስከዚህ ድረስ ደንቡ የታለመለትን ፈጽሟል። ይሁን እንጂ ጠዋት ማታ በሚዶ የሚበጠር፣ ቅቤ የሚቀባ፣ ዙሪያውም ተከርክሞ የከበበ ጎፈሬ ያለው ልጅም አብሮ ይመለሳል፤ በማስመሪያው ዓይን ሁለቱ አንድ ናቸውና። ከዚህ የባሰው ደግሞ፣ ፀጉሩን ሙልጭ አድርጎ የተላጨና ራሱን ቆረቆር የወረሰው ልጅ ያለ አንዳች ጥያቄ ማለፉ ነው። ወካይ መለኪያ የሚሳሳተው በአንድ በኩል ብቻ አይደለም፤ ጥፋት የሌለበትን እየያዘ ጥፋት ያለበትን ይለቃል።

በቺካጎ የሆነው ይህንኑ ያሳያል። የከተማው ደንብ አማካይ ቁመቱ ከ10 ኢንች የበለጠ አረምን ይከለክላል፤ በ2004 ከከንቲባው የአትክልት ስፍራ ሽልማት ያገኘ አንድ የአገር በቀል ተክሎች ግቢም በ2012 በዚሁ ደንብ መሠረት 640 ዶላር ተቀጥቶበታል። ሸላሚውም ቀጪውም አንድ ከተማ ነው። ሸላሚዎቹ ያዩት እንክብካቤውን ሲሆን ተቆጣጣሪው የለካው ቁመቱን ነበር።

አጭር ሣር እንዴት ግዴታ ሆነ

አጭርና አንድ ወጥ ሣር በመጀመሪያ የእንግሊዝ ባላባቶች የሀብት መገለጫ ነበር፤ እህል የማያበቅል ሰፊ መሬት ይዞ ረጅም እጀታ ባለው ማጭድ የሚያሳጭድ ወይም በበግ የሚያስግጥ ሰው ባለጸጋ መሆኑ ግልጽ ነውና። በ1830 ኤድዊን በዲንግ የተባለ የግሎስተርሻየር ባለሙያ የመጀመሪያውን የሣር ማጨጃ ማሽን አስመዘገበ። ሐሳቡን ያገኘው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ በሱፍ ጨርቅ ላይ የቆመውን ጭገር ላጭቶ ከሚያስተካክል መሣሪያ ነው፤ የዛሬው ግቢ ጨርቅ መምሰሉም ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ማሽን የባላባቱ ሜዳ በመካከለኛ ገቢ የሚተዳደር ቤተሰብ አቅም ውስጥ ገባ።

በአሜሪካ ልማዱን ወደ ሥነ ምግባር ካሳደጉት ሰዎች አንዱ ፍራንክ ስኮት ነው፤ በ1870 ባሳተመው የከተማ ዳር ቤቶች ግቢ አሠራር መጽሐፍ የፊት ግቢ አጥር ሳይጋርደው ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ክፍት ሆኖ እንዲታይ፣ ሣሩም አጥሮ እንዲከረከም አጥብቆ መክሯል። ግቢው የባለቤቱ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የመንገዱ መልክ አካል ሆነ ማለት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ከ1947 ጀምሮ፣ በኒውዮርክ አቅራቢያ በሺዎች የሚቆጠሩ ተመሳሳይ ቤቶች የተሠሩበት ሌቪታውን ሲቋቋም ነዋሪው በበጋ በየሳምንቱ ሣሩን እንዲያጭድና አጥር እንዳያቆም በውል ይገደድ ነበር። የከተማ ደንቦቹም ያረፉት በዚሁ ስሜት ላይ ነው።

የዚህ ልማድ ስፋት በ2005 በታተመ የሳተላይት መረጃን የተጠቀመ ጥናት ተገምቷል። በአሜሪካ የቤቶችን፣ የመናፈሻዎችንና የጎልፍ ሜዳዎችን ጨምሮ በሣር የተሸፈነው መሬት 163,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ይህም የኢትዮጵያን የቆዳ ስፋት አንድ ሰባተኛ ያህላል፤ በመስኖ ከሚለማው የአገሪቱ የበቆሎ ማሳ ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ሦስት እጥፍ ይሆናል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በበኩሉ በመኖሪያ ቤቶች ግቢ ለሚያድጉ ተክሎች የሚጠጣው ውኃ በቀን ወደ 9 ቢሊዮን ጋሎን፣ ማለትም ወደ 34 ቢሊዮን ሊትር እንደሚደርስ ይገምታል፤ ከመኖሪያ ቤቶች የውኃ ፍጆታ አንድ ሦስተኛው ገደማ ነው።

ማጭድ ባልነካው ግቢ ውስጥ

በብዙ የአሜሪካ ግቢዎች የሚዘራው ኬንታኪ ብሉግራስ የተባለው ሣር ስሙ ኬንታኪ ቢሆንም ትውልዱ አውሮፓና እስያ ነው። አብዛኛው ሥሩ በላይኛው 15 ሴንቲሜትር አፈር ውስጥ ስለሚቀር ዝናብ ሲጠፋ ፈጥኖ ይደርቃል። በአንጻሩ የሰሜን አሜሪካ የሣር ምድር ተወላጅ የሆነው ቢግ ብሉስቴም ሥሩን 2 ሜትርና ከዚያ በላይ ይሰዳል። ባለፈው ምዕራፍ የጎርፍ ቱቦዎች ከአቅማቸው በላይ ስለሚሞሉበት ምክንያት የተባለውን ያስታወሰ አንባቢ ልዩነቱን ወዲያው ይረዳዋል፤ ሥር የወረደበት አፈር ውኃን ወደ ውስጥ ሲያሰርግ፣ በየሳምንቱ ከባድ ማሽን የሚመላለስበት አፈር ግን ተጠቅጥቆ ውኃውን ወደ መንገድ ይገፋል።

ሁለተኛው ጥቅም ለነፍሳት ነው። ሞናርክ የተባለችው ብርቱካናማ ቢራቢሮ እንቁላሏን የምትጥለው ሚልክዊድ በሚባሉ፣ ሲቀነጠሱ ነጭ ፈሳሽ በሚያወጡ ተክሎች ላይ ብቻ ነው፤ አባጨጓሬዋ ሌላ አይበላም። ሚልክዊድ ደግሞ በቀላሉ ከአንድ ሜትር በላይ ስለሚያድግ በ10 ኢንች ደንብ ፊት ሁልጊዜ ጥፋተኛ ነው። እንደዚሁም በ2017 በአሜሪካ ለመጥፋት የተቃረበች ዝርያ ተብላ የተመዘገበችው ጀርባዋ ዝገት የመሰለ ቀለም ያለው ንብ ከፀደይ እስከ መኸር የማያቋርጥ አበባ ትፈልጋለች። በነገራችን ላይ የኢትዮጵያ አደይ አበባ የሚመደብበት የተክል ወገን በሰሜን አሜሪካም ዘመዶች አሉት፤ በመስከረም ቢጫ የሚያብቡት እነዚህ ተክሎችም ካልታጨዱ ከተፈቀደው ቁመት ያልፋሉ።

ተቃዋሚዎች የሚያነሷቸው ሥጋቶች እኩል ክብደት የላቸውም። ቢንቢ የምትራባው በቆመ ውኃ ውስጥ ነው፤ እጯ ለመብረር ብዙውን ጊዜ ሳምንት ያህል ውኃ ያስፈልጋታልና በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውኃውን የሚያሰርግ በደንብ የተሠራ ግቢ አያራባትም። አይጥን የሚስበው በዋነኛነት የሰው ምግብ ትራፊና ያልተከደነ ቆሻሻ ነው። በየዓመቱ በመኸር ለሚያስነጥሰው አለርጂ በስሕተት የሚወቀሰው ጎልደንሮድ የተባለው ቢጫ አበባ፣ ብናኙ ከባድና ነፍሳት የሚያጓጉዙት በመሆኑ በነፋስ ወደ አፍንጫ አይደርስም፤ እውነተኛው ጥፋተኛ በዚያው ሰሞን የሚያብበው፣ አበባው ዓይን የማይገባው ራግዊድ ነው። መዥገርና ደረቅ ሣር በሚበዛበት ሥፍራ የእሳት ነገር ግን በቀላሉ የሚጣሉ ሥጋቶች አይደሉም፤ ረጃጅም ተክሎችን ከእግረኛ መንገድና ከቤት ግድግዳ ማራቅ ተገቢ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ዳኞች ፊት

በሁለተኛው ምዕራፍ የንብረት ባለቤትነት ገደብ የለሽ መብት አለመሆኑ ተብራርቷል፤ በሣር ጉዳይም ፍርድ ቤቶች የተነሡት ከዚሁ ነው። የሚዙሪ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1903 ከአንድ ጫማ በላይ ያደገ አረምን የሚከለክለውን የሴንት ሉዊስ ከተማ ደንብ አጽንቷል። በ1976 ግን በዊስኮንሲን ግዛት በኒው በርሊን ከተማ አንድ የዱር እንስሳት ባለሙያ ግቢያቸውን ወደ አገር በቀል ሜዳ በመለወጣቸው ሲከሰሱ፣ ፍርድ ቤቱ ስለ እሳት፣ ስለ ተባይና ስለ ብናኝ የባለሙያዎችን ምስክርነት ሰምቶ ደንቡ ምክንያታዊ መሠረት የለውም ሲል ውድቅ አደረገው። በዚህ ችሎት ከተማው እንደቀድሞው ቁመቱን ጠቅሶ መርታት አልቻለም፤ ቁመቱ ምን ጉዳት እንዳመጣ ተጠየቀ።

ሁለት ሌሎች ውሳኔዎች ጎን ለጎን ሲነበቡ ይበልጥ ያስተምራሉ። በ1996 የኦንታሪዮ ፍርድ ቤት አንዲት የቶሮንቶ ነዋሪ ግቢያቸውን በተፈጥሮ ተክል የሞሉት ስለ ተፈጥሮ ያላቸውን እምነት ለመግለጽ መሆኑን ተቀብሎ፣ የከተማው ደንብ በካናዳ የመብቶች ቻርተር የተጠበቀውን ሐሳብን የመግለጽ ነጻነት እንደሚጥስ፣ አገላለጹም ግልጽነት እንደሚጎድለው ወሰነ። በ2015 ደግሞ በቺካጎ አንድ የንግድ ድርጅት በተደጋጋሚ በአረም ደንቡ ተቀጥቶ አረሙ ሐሳብን የመግለጽ መብት ጥበቃ ይገባዋል ሲል፣ የፌዴራሉ ሰባተኛ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዳኛ ሪቻርድ ፖስነር በጻፉት ውሳኔ፣ አረም እንዲረዝም ዝም ማለት በራሱ የሥነ ጥበብ ሥራ አይሆንም ብሎ ጥያቄውን አልተቀበለም። ሁለቱ ፍርድ ቤቶች የሁለት አገሮች፣ የተመለከቱትም ሕግ የተለያየ ነው። ቢሆንም በጎፈሬው ምሳሌ ሲታዩ እምብዛም አይጋጩም፤ ቶሮንቶ የታየው የተበጠረ፣ ቺካጎ የታየው ያልተበጠረ ፀጉር ነበር።

በማስመሪያው ፈንታ ምን ይተካ?

ማስመሪያው ከተጣለ ዘበኛው በምን ይፍረድ? ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ የሰጠችው አሜሪካዊቷ የመልክዓ ምድር ንድፍ ምሁር ጆአን ናሳወር ናት። በ1995 ባወጣችው ጽሑፍ ሰዎች የተፈጥሮ ግቢን የሚጠሉት በውስጡ ባሉት ተክሎች ሳይሆን ባለቤቱ የተወው ስለሚመስላቸው መሆኑን አስረዳች፤ መፍትሔውም ሰው እጅ እንዳለበት የሚናገሩ፣ "የእንክብካቤ ምልክቶች" ብላ የጠራቻቸውን ነገሮች በዳር በዳሩ ማኖር እንደሆነ ጻፈች። በመንገድ በኩል የታጨደ ጠባብ የሣር መቀነት፣ የተጠረገ መተላለፊያና ዝቅ ያለ አጥር እነዚህን ከመሰሉት ናቸው። ጎፈሬን ከጨብራራ ፀጉር የሚለየው የተከረከመው ዙሪያ እንደሆነ ሁሉ፣ ሜዳን ከፈረሰ ግቢ የሚለየው ጠርዙ ነው።

ከተሞች ግን ወደዚህ ሐሳብ የደረሱት እየተደናቀፉ ነው። የዊስኮንሲኗ ማዲሰን በ1970ዎቹ የተፈጥሮ ግቢን በደንቧ ካወቁት የመጀመሪያ ከተሞች አንዷ ብትሆንም፣ ባለቤቱ ዕቅድ አቅርቦና የአብዛኞቹን ጎረቤቶች ስምምነት አግኝቶ ፈቃድ እንዲያወጣ ታዝዝ ነበር። ይህ መንገድ ሲታሰብ ደግ ይመስላል፤ በተግባር ግን ማስመሪያውን ከዘበኛው ተቀብሎ ለክፍል ጓደኞች የሰጠ ደንብ ነው። የማይወደድ ሰው ግቢው የቱንም ያህል ቢያምር ድምፅ አያገኝም።

ቶሮንቶም ለረጅም ጊዜ የልዩ ፈቃድ መንገድ ተከተለች፤ ሣርና አረም ከ20 ሴንቲሜትር እንዳያልፍ ከልክላ፣ የተፈጥሮ አትክልት ያለው ሰው ከክልከላው ነጻ እንዲደረግ ማመልከት ነበረበት። በ2020 አንዲት የሥነ ምህዳር የዩኒቨርሲቲ መምህር ራሳቸው ማስጠንቀቂያ ሲደርሳቸው፣ ነጻ የመደረግ መንገዱ ንጹሑን ሰው አስቀድሞ ጥፋተኛ አድርጎ ስለሚጀምር አልቀበልም አሉ። ከተማው በ2021 መጨረሻ ደንቡን ሲያሻሽል የፈቃድ ማመልከቻውን አስቀርቶ የ20 ሴንቲሜትሩን ወሰን ለሣር ሜዳ ብቻ ተወው፤ ለሌሎች ተክሎች ደግሞ የተከለከሉ ዝርያዎችን በስም ዘርዝሮ አወጣ። ይህ ብልህ መፍትሔ ነው፤ የዝርያ ስም እንደ ቁመት ሁሉ ተረጋግጦ ሊመዘገብ የሚችል ነገር ስለሆነ፣ ሁለት ተቆጣጣሪዎች አንድ ውሳኔ ላይ ይደርሳሉ። ዕዳው ተቆጣጣሪው ተክል ማወቅ እንዳለበት ነው።

ከሁሉ የሰፋው እርምጃ የሚኒሶታ ነው። የግዛቲቱ ምክር ቤት ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ሕግ አውጥቶ፣ ከተሞቿ ነዋሪው "በእንክብካቤ የተያዘ የተፈጥሮ ግቢ" እንዲኖረው የመፍቀድ ግዴታ እንዳለባቸው ደነገገ። ተክሎቹ ከ8 ኢንች ማለፍና ዘር መቋጠር ይችላሉ፤ ነገር ግን ግቢው ታቅዶ፣ ሆን ተብሎ የተተከለና የሚጠበቅ መሆን አለበት፤ በሕግ ጎጂ የተባሉ አረሞች አይፈቀዱም፤ ሣርን ዝም ብሎ ማስረዘምም ጥበቃ አያስገኝም። ሕጉ የቁመትን ውክልና አንስቶ መጀመሪያ የተፈለገውን ነገር፣ እንክብካቤን፣ በስሙ ጠርቶታል። ድካሙም እዚያው ላይ ነው፤ "የሚጠበቅ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር ስላልተነገረ፣ ተቆጣጣሪው እንደገና ዓይኑን ማመን ይኖርበታል። ቢሆንም ይህ ዋጋ ሊከፈል የሚገባው ነው፤ በአሮጌው ደንብ ስሕተቱ በእያንዳንዱ የተፈጥሮ ግቢ ላይ በእርግጠኝነት የሚደርስ ሲሆን፣ በአዲሱ ግን የሚፈጠረው አከራካሪ በሆኑት ጥቂቶች ላይ ብቻ ነው።

ከከተማው በፊት የሚቆም ማኅበር

የከተማው ደንብ መሻሻሉ ብቻውን የማይበቃው አንዳንዱ ነዋሪ ከከተማው በተጨማሪ በቤት ባለቤቶች ማኅበር ሥር ስለሚገኝ ነው። ይህ ማኅበር ሰው ቤቱን ሲገዛ ከውሉ ጋር የሚፈርምበት የሠፈር አስተዳደር ሲሆን፣ የበር ቀለም፣ የመኪና ማቆሚያና የሣር ዓይነት ሳይቀር ሊወስን ይችላል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት ገዝተው በሚኖሩበት በሜሪላንድ ግዛት፣ በኮሎምቢያ ከተማ ባልና ሚስት የሆኑ ነዋሪዎች ሣር እንዲያበቅሉ ከሚጠይቃቸው ማኅበር ጋር ለዓመታት ከተከራከሩ በኋላ፣ ግዛቱ በ2021 ለአካባቢ የሚስማማ የግቢ አያያዝን ያላግባብ መገደብን የሚከለክል ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት ማኅበር የቤት ባለቤትን የሣር ሜዳ እንዲያበቅል ማስገደድ አይችልም፤ ባለቤቱ ግን ግቢውን በየጊዜው የሚንከባከብ መሆን አለበት። ሜሪላንድም እንደ ሚኒሶታ ቁመትን ትታ እንክብካቤን በስሙ ጠርታለች ማለት ነው።

ሕጉ ከኦክቶበር 1 ቀን 2021 ጀምሮ የጸና ቢሆንም በማኅበራት መዝገብ ውስጥ የቆዩ አንቀጾችን አይፍቅም፤ አንቀጾቹ በወረቀት ላይ እንዳሉ ስለሚቀሩ አንዳንድ አስተዳዳሪዎች ዛሬም ደብዳቤ የሚጽፉት እነሱን ጠቅሰው ነው። የካውንቲና የከተማ የአረም ደንቦችም በራሳቸው የቆሙ ናቸው። በሜሪላንድም ሆነ በሌላ ግዛት ግቢውን ለመለወጥ ያሰበ አንባቢ አካፋ ከማንሣቱ በፊት የሠፈሩን መተዳደሪያና የከተማውን ደንብ አንድ ላይ ያንብብ፤ የሚተክላቸውን ተክሎች ስም በዝርዝር ጽፎ ከንድፉ ጋር በእጁ ያኑር፤ በመንገድ በኩል ያለውንም ጠርዝ ሳያቋርጥ ይጨድ።